አገልጋዩ ወድቋል

የሩቅ ናፍቆት ክብር አለው። ባሏ ባሕር ማዶ የሄደባት ሴት ስትተክዝ ጎረቤቱ ሁሉ «አይዞሽ» ይላታል። የእኔ ግን የቅርብ ናፍቆት ነው፤ ለቅርብ ናፍቆት «አይዞህ» ባይ የለም። ሚስቴ ያለችው ጨንቻ ነው፤ እኔ ያለሁት አርባ ምንጭ። «ባለቤትህስ?» ያለኝን ሰው ሁሉ «ጨንቻ ናት» ስለው፣ አገጩን ወደ ተራራው ቀና ያደርግና «ይቺማ ምን አላት፣ ይኸው እኮ ናት» ይለኛል። እውነቱን ነው። ተራራው ሲቀላ ሰፈር ካለው ቢሮዬ መስኮት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያገባሁት ግን ተራራውን አይደለም።

ምህረት የባዮሎጂ መምህርት ናት። ተወልዳ ያደገችው ጨንቻ፣ የምታስተምረው ጨንቻ፣ የምትኖረውም እዚያው ከአባቷና ከእናቷ ጋር ነው። ስንጋባ «ዝውውሩ እስኪመጣ ነው» ተባብለን ነበር። ዝውውር ደግሞ እንደ በልግ ዝናብ ነው፤ ሁሉም ሰው ይመጣል ይላል፤ ሲመጣ ግን የሚዘንበው ጎረቤት ማሳ ላይ ነው። እስከዚያው አንድ ሳምንት እኔ ልወጣ፣ አንድ ሳምንት እሷ ልትወርድ ተስማማን። ከዚያ የተማሪዎቿ ፈተና መጣ። ከዚያ መንገዱን ጎርፍ በላው። መንገዱ ሲጠገን ደግሞ መሥሪያ ቤቴ ቅዳሜን በስብሰባ ያዘብኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ ከተያየን ወር አለፈ።

ስልክ አለ ትሉኝ ይሆናል። ስልኩም ቢሆን አይመቸንም። «እንዴት ነሽ?» ስላት «ብርድ ነው፤ ሁለት ጋቢ ደርቤያለሁ» ትለኛለች። እኔ ከወገቤ በላይ ራቁቴን፣ ማራገቢያ ፊት ተቀምጬ «አይዞሽ» እላታለሁ። ላብ ያጠመቀው ሰው የሚንቀጠቀጠውን ሲያጽናና ከልቡ አይመስልም። «አንተ ብርድን አታውቀውም» ትለኛለች። አላውቀውም። ልምጣና ልወቀው እንዳልል ደግሞ ቅዳሜዬን አለቃዬ ወስደውታል።

አለቃዬ አቶ ጻድቁ ይባላሉ። ደግ ሰው ናቸው። አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛ ነው፤ አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ገብተው ነው። ስለዚህ አማርኛን የሚይዙት ከጎረቤት እንደ ተዋሱት ብርጭቆ፣ እንዳይሰበርባቸው ተጠንቅቀው ነው። እኛ ከተማ የተወለድነው ግን እንደ ራሳችን ዕቃ እያንኳኳን እንገለገልበታለን። «ቼክ አድርጌ ኮንፈርም ላድርግልዎት» ያላቸው ሠራተኛ ዓረፍተ ነገሩን አስተካክሎ እስኪመለስ ድረስ ፊርማቸውን አያገኝም።

በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ጠጋኙ እኔ ነኝ። አንድ ቀን አስጠሩኝና «ኮምፒውተሮቹ ዕለት ዕለት የሚበላሹት ሠራተኛው አያያዝ ስለማያውቅ ነው። የጥገና መመሪያ ጻፍልን። በአማርኛ። አንድም የባዕድ ቃል እንዳይገባበት» አሉኝ።

«ኮምፒውተር የሚለውስ?» አልኳቸው።

ብዙ አሰቡ። «እሱን እንኳ ተወው» አሉ በመጨረሻ፣ የሚወደውን በሬ ገበያ እንደሚያወጣ ሰው።

መጻፍ ጀመርኩ። ሰርቨር የምንለውን፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሁላችንንም ሰነድ ይዞ የሚያገለግለንን ትልቁን ኮምፒውተር፣ «አገልጋይ» አልኩት። ድራይቨር የሚባለውን፣ ማተሚያውንና ኮምፒውተሩን የሚያግባባውን የማይታይ ፕሮግራም፣ «ነጂ» አልኩት። ኢንተርኔት የምናይበትን «ማሰሻ» ስል ምጣድ ብቻ የሚታያቸው እንዳሉ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ግን የኮምፒውተር መዝገበ ቃላቱም እንደዚያ ይላል። የፍላሽ መሰኪያውን «ወደብ» አልኩት። ወደብ የለንም ሲባል እያዘነ ላደገ ሰው፣ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ጀርባ ላይ ያን ሁሉ ወደብ ተደርድሮ ማግኘት ቀላል ደስታ አይደለም።

እጄ አርባ ምንጭ ይጽፋል፤ ልቤ ጨንቻ ነው። ስለዚህ መመሪያው እኔ ሳላዘው ሌላ መልክ ያዘ። የጽሕፈት ሠራተኛችን ሠናይት ስትተይበው ቆም እያለች ጮክ ብላ ታነባለች።

«ለረዥም ጊዜ ያልተነካ መሣሪያ ያንቀላፋል። አይደንግጡ፤ ቀስ ብለው ነካ ቢያደርጉት ይነቃል።»

ቀና ብላ አየችኝ። ቀጠለች።

«ከመጠን በላይ ሲግል ብቻውን አይተዉት።» እንደገና ቀና አለች። «ይህን የጻፍከው ለኮምፒውተሩ ነው?»

«ለኮምፒውተሩ ነው።»

«እንግዲያው ኮምፒውተሩ ባለትዳር ነው» አለችና መተየቧን ቀጠለች።

አንዱን ግን አላነበበችውም፤ ዝም ብላ ተየበችው። «ትውስታ የሞላበት መሣሪያ ይፈዛል፤ የተጠየቀውን ቶሎ አይመልስም። የማያስፈልገውን ትውስታ ለይተው ያጥፉለት» ይላል። የትኛው ትውስታ የማያስፈልግ እንደሆነ በዝርዝር እንድጽፍ አስባ ነበር መሰለኝ፣ ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አድርጋ ትንሽ ጠበቀችኝ። እኔም ስላላወቅሁት እንዲሁ ቀረ።

አቶ ጻድቁ አንብበው ተደሰቱ። «የጠራ የምንጭ ውኃ ነው» አሉ። ማኅተም አርፎበት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ሠራተኛው ግማሹ በቀልድ ግማሹ አለቃውን ፈርቶ በመመሪያው ቋንቋ ማውራት ጀመረ። ምሳ ቤት ተቀምጠን ትእዛዝ ሲዘገይ «አስተናጋጁ ምላሽ እየሰጠ አይደለም» ይባባላሉ። እኔም ሳላውቀው ለመደብኝ። ቋንቋ ሲለመድ ሰው አይጠይቅም፤ ዘው ብሎ ነው የሚገባው።

በዚያው ሳምንት አጋማሽ ላይ ምህረት ደወለች።

«ምክትል ርዕሰ መምህር ሁኚ ብለውኛል» አለችኝ።

«እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት።

«አመሰግናለሁ» አላለችም። ነገሩ ወዲያው አልገባኝም፤ ሲገባኝ ግን ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። ሹመቱን ከተቀበለች ወደ አርባ ምንጭ የመዛወር ጥያቄዋ አበቃለት ማለት ነው።

«ሰኞ መልሴን ይፈልጋሉ» አለች። «በስልክ አይሆንም። ፊትህን እያየሁ ነው መነጋገር የምፈልገው። ዓርብ ና።»

ዕድል ሲቀና እንዲህ ነው፣ ዓርብ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ መኪና ለሥራ ጨንቻ ሊወጣ ነበር። ሾፌራችን ጋሽ ቶማስ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ መሪ ሲይዙ ከመኪናው ጋር የሚነጋገሩ የሚመስሉ ሰው ናቸው። «የፊቱን ወንበር ያዝኩልህ» አሉኝ። አቶ ጻድቁም ፈቀዱ፤ የዚያን ሳምንት የቅዳሜ ስብሰባም ማሩኝ። ማንጎ ገዝቼ፣ ከሁሉ የተሻለውን ሸሚዜን ተኩሼ፣ ምን እንደምላት ደግሞ ሌሊቱን አውጥቼ አውርጄ ጨረስኩ። «አትውሰጂው» ልላት ነበር የቆረጥኩት። በአክብሮት፣ በምክንያት፣ ግን «አትውሰጂው»።

ዓርብ ጠዋት ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ስደርስ ጋሽ ቶማስ መነጽራቸውን አድርገው ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆመዋል። ጣታቸውን መስመሩ ላይ እያስኬዱ ያነባሉ።

«አሮጌ ነጂ ሥራ ያስተጓጉላል። ቶሎ ተራግፎ በአዲስ ይተካ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሽ ቶማስ፤ ግን እርስዎን ማለቴ አይደለም።»

«የሠርግህን መኪና የነዳሁት እኔ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ። ይሄ ነጂ ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ነው።»

«ኮምፒውተር ውስጥ ነጂ አለ?»

«አለ። አይታይም እንጂ ያለ እሱ ምንም ነገር አይንቀሳቀስም።»

«ታዲያ እኔ ነኛ» አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ቀስ ብለው ሄደው የመኪናውን ቁልፍ አቶ ጻድቁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጡ።

ያንን ሰው ማሳዘን የሚችል አንጀት የለኝም። አቶ ጻድቁም የላቸውም፤ ማኅተሙ ደግሞ የሳቸው ነው። ለምነን ቢሮ አስገባናቸው። ከኮምፒውተሩ ፊት ወንበር ሰጥቼ አስቀመጥኳቸውና በዓይናቸው እንዲያዩ ብዬ የማተሚያውን ነጂ አራገፍኩት። ወረቀት ላክሁ፤ ማተሚያው ዝም አለ። ነጂውን መልሼ ጫንኩ፤ ማተሚያው ተንገጫግጮ ወረቀቱን ተፋ።

ጋሽ ቶማስ አገጫቸውን ይዘው ተመለከቱ። «ነጂውን ሲያራግፉት ሥራው ቆመ» አሉ።

«አዎ።»

«ሲመልሱት ሄደ።»

«አዎ።»

«ይህን ስብሰባ ላይ ለሁሉም ብታሳየው ጥሩ ነበር» አሉና ቁልፋቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ። ታረቅን። ሻንጣዬን አነሣሁ።

ይሄኔ መብራት እልም አለ። ወዲያው ተመለሰ፤ ሰርቨሩ ግን አብሮ አልተመለሰም። ከየቢሮው «ሰነዴ አይከፈትም» የሚል ድምፅ ተሰማ። አቶ ጻድቁ በራቸው ላይ ቆመው በረጅሙ ተነፈሱ።

«አገልጋዩ ወድቋል» አሉኝ። «ሳታስነሳው የትም አትሄድም።»

ጋሽ ቶማስ ጥቂት ጠበቁኝ። እሳቸውም የሚጠብቃቸው ሥራ አለ። መኪናዋ በበሩ ስትወጣ የተያዘልኝን የፊት ወንበር አየሁት፤ ማንም አልተቀመጠበትም። ያ ባዶ ወንበር ጨንቻ ሲደርስ እኔ ሰርቨሩ ክፍል ውስጥ በጉልበቴ ተንበርክኬ ሽቦ እየተከተልኩ ነበር። በአንድ እጄ ስልኬን አወጣሁና ለምህረት ጻፍኩላት። «አገልጋዩ ስለወደቀ ዛሬ አልመጣም። እስኪነሳ ከአጠገቡ አልለይም። ነገ በጠዋት እመጣለሁ።» ላክሁት፤ ሄደ። ወዲያው የስልኬ ባትሪ አለቀ። ከሰዓት በኋላ ሰርቨሩ ቢነሳም፣ እኔ ቤት ስደርስ የሰፈሩ መብራት ደግሞ ጠፋና ስልኬን ሳልሞላ አደርኩ። መልእክቱ ደርሷታል፣ ምን ቸገረኝ ብዬ ተኛሁ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የማወጋችሁ ነገር አለ። የምህረት አባት የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው። ጨንቻ ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ሁሉም «አገልጋይ» ነው የሚላቸው። ሚስታቸው ወይዘሮ ማርታ እንኳ «አገልጋዩ ምሳ አልበሉም» ነው የሚሉት። በዚያ ሳምንት ደግሞ ለጉባኤ አርባ ምንጭ ወርደው ነበር። ጉባኤ ሲቀመጡ ስልካቸውን ይዘጋሉ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። መልእክቱን ስጽፍ ግን ዓለም ላይ ያለው አገልጋይ ከፊቴ የተዘረረው ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያዋ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ፣ የማንጎ ፌስታል። ጫኖን አልፈን ከመገንጠያው ሽቅብ ስንጀምር ሙቀቱ ከኋላችን ቀረ። ዶርዜ ጋ ስንቃረብ ጉም ወረደብን። ሾፌሩ መብራት አብርቶ በእግር መሄድ በሚመስል ፍጥነት ይነዳል። ከላይ አንድ ሚኒባስ ወረደች፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን ተጠጋግተው እየተፈቃቀዱ ተላለፉ። መስታወቴ በእስትንፋስ ደብዝዞ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ በመዳፌ ጠረግሁት። ወዲያ ማዶ ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች ብቻ ታዩኝ። አለፉ።

ጨንቻ ደርሼ የአማቶቼን በር ስገፋ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ጎረቤቱ ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ አግዳሚ ላይ ተደርድሯል። ከወር በኋላ የመጣ አማች አቀባበል መስሎኝ ትንሽ ኮራ ብዬ ገባሁ። የተነሣ የለም። ወይዘሮ ማርታ ብቻ ቀስ ብለው መጡና ትከሻዬን ያዙ።

«ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«አገልጋዩስ?»

ስለ ሰርቨሩ መጠየቃቸው ልቤን ነካው። ምህረት ነግራቸው ይሆናል፤ ለሥራዬ እንዲህ ያለ ግምት እንዳላቸው አላውቅም ነበር።

«ተነሥቷል» አልኳቸው። «ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው የተነሣው።»

«ተነሥቷል» አለ አንድ ሸምገል ያለ ጎረቤት ለጎኑ ሰው። «ሰው ከወደቀ አንቱታውም አብሮት ነው የሚወድቀው።»

«ያስነሣው ማን ነው?» አሉኝ ወይዘሮ ማርታ።

«እኔ ነኛ። መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ አጠፋሁት።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«አጠፋኸው?»

«አዎ፣ ሌላ መንገድ አልነበረም። ትንሽ እንዲያርፍ ተውኩትና ከፈትኩት። ውስጡ አቧራ ብቻ ነው፤ ስንት ዘመን ማንም አይቶት አያውቅም። እፍ እፍ አልኩበት። ከዚያ ተነሣ።»

«ጌታ ይመስገን» አለች አንዲት ሴት በዝግታ።

«ሁኔታውስ አሁን እንዴት ነው?» አሉ ወይዘሮ ማርታ።

ዋሽቼ ላጽናናቸው አልፈለግሁም። «ለጊዜው ደህና ነው። ግን አርጅቷል፣ እማማ። አለቃዬም በአዲስ ይተካ ነው የሚሉት።»

ወይዘሮ ማርታ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «አለቃህ» አሉ ቀስ ብለው «ለእኔ አዲስ ባል እንዲፈልጉ ማን አዘዛቸው?»

«ባል?»

«ልጄ፣ ስለማን ነው የምታወራው?»

«ስለ ሰርቨሩ።»

«ሰርቨሩ ማን ነው?»

«ኮምፒውተር ነው፣ እማማ። ትልቁ ኮምፒውተር። በአማርኛ አገልጋይ ይባላል።»

የማንም ዓይን ከእኔ አልተነሣም። ወይዘሮ ማርታ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አስለቀስኳቸው ብዬ ምድር እንድትውጠኝ ተመኘሁ። ነጠላውን ሲገልጡት ግን የሚስቁት እስከ እንባ ነው። ከዚያ ግቢው በሙሉ ሳቀ። ያ ሸምገል ያለው ሰውዬ ግን አልሳቀም፤ ስለ አገልጋዩ መውደቅ በልቡ የጀመረውን ታሪክ መጣል ከብዶት ይመስለኛል።

ሳቃቸው ሲበርድ ወይዘሮ ማርታ ዓይናቸውን እየጠረጉ «ምስኪኗ ልጄ» አሉ። «አባቷን ላይ ብላ በጠዋቷ መኪና ወረደች እኮ።»

ያቺ ጉም ውስጥ የተላለፍናት ሚኒባስ ትዝ አለችኝ። ሳቁ ከሆዴ ወጥቶ ሄደ። ከወር በኋላ ሚስቴ የክንድ ርቀት ላይ ነበረች፤ እኔ ደግሞ መስታወት ጠርጌ ጋቢ ቆጥሬ አለፍኩ።

በወይዘሮ ማርታ ስልክ ደወልኩላት።

«አባዬ ደህና ነው» አለችኝ ገና ድምፄን ስትሰማ። «የጉባኤውን ማዕድ አቋርጬ ገባሁ። ሰው ሁሉ ፊት ‹ምን ሆንክብኝ?› አልኩት። ከእንግዶቹ ጋር የጫሞ ዓሣ ሲበላ ነው ያገኘሁት። አሁን ሁሉም ምን ደብቆናል ብለው እያዩት ነው። የወደቀው ማን ነው?»

«ሰርቨሩ።»

«‹ስለወደቀ› ብለህ ስትጽፍ» አለችኝ «አባዬን አንተ ብለህ አታውቅም። አንቱታውን እንኳ የረሳው ምን ያህል ቢደነግጥ ነው ብዬ ይበልጥ ፈራሁ።»

«ቆይ እዚያው፣ እወርዳለሁ።»

«አይ፣ አንተ ቆይ፣ እኔ እወጣለሁ።»

«ደክሞሻል።»

«አንተስ?»

ሁለታችንም እሺ ብንል እዚህና እዚያ ቁጭ ብለን መዋላችን ነው፤ ሁለታችንም እምቢ ብንል ጉሙ ውስጥ እንደገና መተላለፋችን ነው። ምህረት ነገሩን እንደ መምህርት ፈታችው። «ሁለታችንም እንነሣ፤ መገንጠያው ላይ ቀድሞ የደረሰ ይጠብቅ» አለች። በዚህ መሀል ግድግዳው ላይ የሰካሁት ስልኬ ነፍስ ዘርቶ ነበርና አቶ ጻድቁ ከሲቀላ ቢሮ ደወሉ። አገልጋዩ እንደገና ወድቋል፤ ዛሬውኑ ካልተነሣ ሰኞ የሚላከው ሥራ ይቀራል። ምህረትንም ፈተና የደረሰባቸው ተማሪዎቿ በማግስቱ ለእሑድ ክለሳ ይጠብቋታል። ስለዚህ መገንጠያው ላይ የምናገኘው ጊዜ ብቻ ነው የእኛ።

ወይዘሮ ማርታ ግን ቆጮ በሚያቃጥል ዳጣ ሳልቀምስ አልለቀቁኝም። ብርዱ ጥርሴን ሲያማታው አይተው ደግሞ ጋቢ አለበሱኝ።

መገንጠያው ላይ ስደርስ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ምህረት ሙዝ የሚሸጡ ሴቶች አጠገብ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ቆማለች። ሹራብ ለብሳለች፤ ጋቢዋን ክንዷ ላይ አጥፋዋለች። እኔ ጋቢዬን እንደለበስኩ ከመኪናው ወረድኩ። ሴቶቹ በዚያ ሙቀት ጋቢ ይዘን የተገናኘነውን ሁለት ሰዎች አይተው በጋሞኛ አንድ ነገር ተባባሉና ሳቁ። ምህረትም ሳቀች፤ ምን እንዳሉ ግን አልነገረችኝም። እጇን ያዝኩት። በቀዝቃዛ አገር የቆየ እጅ ሙቀት ውስጥም ቶሎ አይሞቅም።

ጥላው ሥር ተቀመጥን። ማንጎ ላጥኩላት።

«ጉሙ ውስጥ አንድ መኪና ተላልፈን ነበር» አለችኝ። «አንድ እጅ መስታወቱን ሲጠርግ አየሁ። ፊቱ አልታየኝም። ይሄ ሰው የሚፈልገው ሰው አለው አልኩ በልቤ።»

«ምን ዓይነት እጅ ነው?» አልኳት።

«ቀለበት ያለው።»

ሁለታችንም ቀለበቴን አየነው።

«በል ንገረኝ» አለች። «ምን ትላለህ?»

ያ ሌሊቱን ያወጣሁትና ያወረድኩት ንግግር አፌ ላይ ነበር። ምክንያቶቹ በሰልፍ ቆመዋል። ግን ፊቷን እያየሁ ነው። «መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ» አልኳት።

«እፈልገዋለሁ» አለች። «ያስተማሩኝ ሰዎች ናቸው አንቺ ያዥልን ያሉኝ። ሴት ተማሪዎቹ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ አንድ በአንድ ይጠፉብናል። የት እንደሚጠፉ አውቃለሁ፤ ቤታቸውን አውቃለሁ። አንተንም እፈልግሃለሁ። ሁለቱ በአንድ መኪና አልሳፈር አሉኝ።»

የማንጎው ጭማቂ በክርኔ ይወርዳል። «ውሰጂው» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። «እንዲህ በቶሎ?»

«ካዘገየሁት አልለውም።»

ሙዝ ሻጮቹን አየች። ደስ እንዳላት አወቅሁ፤ ደስ ማለቷ እንዳሳዘናትም አወቅሁ። ሁለቱ አንድ ፊት ላይ ሲቀመጡ ያየሁት ያኔ ነው።

«እኔ ደግሞ ወደ ላይ ዝውውር እጠይቃለሁ» አልኳት።

«አንተ? በዚያ ብርድ?»

«የሚወድቅ ኮምፒውተር እዚያም አይጠፋም።»

«የአንተም ጥያቄ እንደኔው ቢቆይስ?»

ጋቢውን ከትከሻዬ አወረደችና እጥፉን አስተካክላ መልሳ ጭኔ ላይ አኖረችው። እናቷ ያለበሱኝ ስለሆነ መውሰድ አልፈለገችም። ስለ ትንንሽ ነገሮች አወራን፤ የቤታችን ቧንቧ መንጠባጠቡን፣ የታችኛው ጎረቤት ልጅ መውለዷን፣ እኔ ራት እየዘለልኩ መሆኔን ከድምፄ ማወቋን። ትልቁ ነገር ካለቀ በኋላ ትንንሾቹ ናቸው የሚያስቸግሩት፤ አያልቁም።

«ጨንቻ፣ የቀረው አንድ ሰው» እያለ ረዳቱ መጣ። አንድ ወንበር ብቻ ነው የቀረው። ተነሣች። ሰው ስላለ አልተቃቀፍንም፤ ትከሻዬን በትከሻዋ ነካ አድርጋ፣ «ራትህን ብላ» ብላኝ ገባች። በሩ ተዘጋ።

መኪናዋ ሽቅብ ጠመዝማዛውን ጀመረች። በመጀመሪያው ዙር ጠፍታ ከፍ ብላ ታየች፤ እንደገና ጠፋች፤ እንደገና ታየች፤ በታየች ቁጥር እያነሰች ነው። አንድ ጊዜ ከመስኮቱ እጅ ወጣ። የምህረት ይሁን፣ ጣራውን የሚመታው የረዳቱ ይሁን፣ ከዚያ ርቀት ልለየው አልቻልኩም። ለማንኛውም ብዬ እኔም እጄን አነሣሁ፤ እስክትሰወር ድረስ ሳላወርደው ቆየሁ።

እጄን ያየች ወደ አርባ ምንጭ የምትወርድ ሚኒባስ መጥታ ከፊቴ ቆመች። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ብቅ አለ።

«የት ነህ?» አለኝ።

ሁልጊዜ የሚጠይቁት ጥያቄ ነው፤ ሁልጊዜም ሳላስብ ነው የምመልሰው። ያን ቀን ግን መልሱን ፍለጋ ወደ ላይ፣ ወደ ጠመዝማዛው ቀና አልኩ። ረዳቱ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ ይጠብቀኛል፤ ውስጥ ያሉትም አንገታቸውን አስግገው ያዩኛል።

«ሲቀላ» አልኩትና ገባሁ።